የደረሱበት ዓመት

ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው፣ የሚያመላክተውን ሰው አስቀድሞ “ለመሆኑ መቼ ነው የመጣኸው?” ብሎ ቢጠይቅ ብዙ እርምጃ ይቆጥባል። የሚነገረው አመላካቹ በመጣበት ዓመት የነበረው መንገድ ነውና። ባንኩ ተዘግቶ ፀጉር ቤት ሆኗል፣ ሥጋ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሰውየው ግን እጁን ዘርግቶ “ባንኩን አልፈህ ወደ ግራ” ይላል። አልዋሸም። ባንኩ እሱ ዘንድ አሁንም አለ፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

እኔ ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት ከሊድስ፣ ዮርክሻየር ከሚባለው ሰፊ ካውንቲ፣ በኛ አነጋገር ክፍለ ሀገር፣ ነው። ሊድስ ምን አደረሰህ ለሚለኝ መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ምደባ። ከ2000 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂው ሁሉ ለንደን ላይ እንዳይከማች ብሎ በየከተማው ያከፋፍለው ጀመር፤ ግላስጎው፣ ኒውካስል፣ ሊድስ፣ ሌላም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ሁለት ካላንደር ይዞ እዚህ አገር ቢሮ መግባት አይመከርም።) ምርጫ የለም፤ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ደርሰህ ታያለህ። ከማሠልጠኛ ተመርቆ ለምደባ ዕጣ ያወጣ የአገራችን መምህር ነገሩን ሳይብራራለት ይረዳዋል። ወረቀቱ የተፈቀደ ቀን ደግሞ ቤቱን ልቀቅ ትባላለህ። ለረጅም ጊዜ የነበረው ደንብ 28 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐበሻው ሁሉ ሳይመካከር አንድ ሐሳብ ላይ ይደርሳል፦ ለንደን።

ከካውንቲ ካውንቲ መዞርን ግን እኛ አልጀመርነውም። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። መጀመሪያ ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አይል ኦፍ ዋይት ደሴት፣ ከዚያ ቼልትናም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ሊድስ። አብዛኛውን የወሰኑለት ሌሎች ናቸው። ሊድስ ላይ በ1879 ታሞ ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው። ዘመዶቹ አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ብለው ሲጠይቁ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አይሆንም አለ። ሊድስ ሳለሁ ዓለማየሁ የሞተበት ሄዲንግሊ ሰፈር በእግር ስሄድ ቅዝቃዜው ለኔ ብቻ የተላከ አይመስለኝም ነበር።

ለንደን የሚቀበለኝ አንድ የአገሬ ልጅ ነበር። ስሙ ይቆየን፤ “ነባሩ” እንበለው። ነባሩ የመጣው በ2003 ነው፤ ይህ ዓመት ለታሪኩ ያስፈልገናል። ስልክ ደውዬ ልነሳ ነው ስለው ወዲያው አዛዥ ሆነ።

“ስማ ወንድሜ፣ ከሊድስ የምትሳፈርበት ባስ ቪክቶሪያ ያራግፍሃል። እዚያ 52 ቁጥርን ትይዛለህ። ፎቁ ላይ ውጣ፤ ዕቃህን ግን ከሥር ተወው። መጨረሻው ድረስ ንቅንቅ እንዳትል። ደግሞ ሳንቲም በእጅህ ይኑር፣ ሹፌሮቹ መልስ የላቸውም።”

የለንደን አውቶቡስ ሳንቲም መቀበል ያቆመው በሐምሌ 2014 ነው። ካርድህን ታስነካለህ፣ “ጢው” ይላል፣ ታልፋለህ። ነባሩ ራሱ በየቀኑ ካርድ እያስነካ ነው ሥራ የሚሄደው። ለእንግዳ ምክር ሲሰጥ ግን ሳይታወቀው 2003 ላይ ይወርዳል፤ ያኔ በቪክቶሪያ ብርድ ሳንቲም አጥቶ የቆመው እሱ ነበርና።

የ52 ነገር ግን እውነቱን ነው። ዊልስደን ለመግባት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ለንደንን ከሀብታም ወደ ድኻ በቅደም ተከተል ታሳይሃለችና። በናይትስብሪጅ በኩል ስታልፍ አንድ ሰፊ መስታወት ውስጥ አንድ የሴት ቦርሳ ብቻውን ተቀምጦ ታያለህ፤ ሌላ ዕቃ የለም። ትንሽ እንደሄድህ በግራ በኩል ፕሪንስስ ጌት አለ፤ የኛ ኤምባሲ 17 ቁጥር ነው። ግድግዳ የሚጋራው 16 ቁጥር የኢራን ኤምባሲ ሲሆን፣ በ1980 ታጣቂዎች ይዘውት በስድስተኛው ቀን ኮማንዶ በመስኮት የገባበት ያ ቤት ነው። ያን ሳምንት የኛዎቹ ዲፕሎማቶች ጎረቤት ምን ሆነ ብለው ሊጠይቁ ሲወጡ ይታየኛል። ጃንሆይም በሰኔ 1936 ተሰደው ለንደን ሲገቡ ያረፉት እዚያው ፕሪንስስ ጌት አንድ ወዳጅ በፈቀደላቸው ቤት ነበር። ግን አልቆዩም፤ እሳቸውም ካውንቲ ቀየሩ። ሶመርሴት ውስጥ ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት ገዝተው እስከ 1940 ተቀመጡ፤ በኋላም በ1958 ቤቱን ለከተማው አዛውንቶች ሰጡ። እኔ ከሊድሱ ቤት ስወጣ ትቼ የመጣሁት መጋረጃ ነው።

ከኖቲንግ ሂል ወዲያ አውቶቡሷ ወደ ሰሜን በገፋች ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ያለው ዕቃ እየበዛ ይሄዳል። ላድብሮክ ግሮቭን፣ ኬንሳል ራይዝን አልፈህ ዊልስደን ስትደርስ ሱቁ ዕቃውን መያዝ አቅቶት አስፋልት ዳር አውጥቶታል፤ ፕላንቴን፣ ጎደሬ፣ ባልዲ፣ ትልቅ ሻንጣ፣ የሩዝ ጆንያ፣ የስልክ ክዳን። ጃማይካዊው፣ አየርላንዳዊው፣ ሶማሌው፣ ብራዚላዊው፣ ሕንዱ እየተገፋፋ ይገዛል። ቦርሳ ብቻውን ሲቀመጥ አላየሁም።

የሰፈሩ የመጀመሪያ ፈተና ሁለት ዊልስደን መኖሩ ነው። አንደኛው ጣቢያ ዊልስደን ግሪን፣ ሁለተኛው ዊልስደን ጃንክሽን ይባላል። ጃንክሽን በስሙ ዊልስደን ይሁን እንጂ ያለው ሃርልስደን ነው፤ ከግሪን በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። የተከፈተው በ1866፣ አጼ ቴዎድሮስ ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። መተላለፊያውና መድረኩ ከመብዛቱ የተነሣ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚያ ዘመን “ምድረ በዳ” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ ከደቡብ ለንደን የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ነው የሚወርደው። ከዚያ ይደውላል፦ “ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?” አንዲት ዘመዳችን ሙሉ ድስት ዶሮ ወጥ ታቅፋ ጃንክሽን ድልድይ ላይ ቆማ ደወለች። ነባሩ በስልክ እየመራ ሊያመጣት ሞከረ። “ፖስታ ቤቱን እንዳየሽ…” አላት። ፖስታ ቤት የለም። እስኪገናኙ ድረስ ወጡ ረጋ። ከዚያ ወዲህ ጠሪው ሁሉ “ግሪን! ግሪን በሉ!” ይላል፤ ሰው ግን ጃንክሽን መውረዱን አላቆመም።

ቀጥሎ ወረቀት ነው። አገር ቤት ቀበሌ የቀየረ ሰው መሸኛ ያጽፋል፤ የድሮው ቀበሌ ማኅተም መትቶ ይህ ሰው የኛ ነበር፣ ዕዳ የለበትም፣ ተቀበሉት ይላል። እዚህ የድሮው ሰፈርህ ስለ አንተ አንዲት ቃል አይናገርም። መመስከር ያለበት የጋዝ ቢል ነው። የመኖርህ ማረጋገጫ ጋዝ ማቃጠልህ ነው። አንድ ባንክ አካውንት ልከፍት ብሄድ የቤት አድራሻ ማስረጃ አምጣ አለኝ፤ አከራዩ ደግሞ የባንክ ወረቀት ካላየሁ ውል አልፈርምም ብሏል። ሁለቱም ትሑታን ነበሩ። ሁለቱም ቡና እንዳቀረቡልኝ ዓይነት ፈገግ ብለው ነው የመለሱኝ።

አከራዩን አልፈርድበትም፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ አከራይ የተከራዩን የመኖሪያ ፈቃድ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ሳያውቀው የሆም ኦፊስ፣ የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት፣ ተላላኪ ሆኗል። በጎ ጎኑ ዲፖዚት ነው። ከ2019 ወዲህ ኪራዩ ከመጠን ያላለፈ ቤት ከሆነ ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ ማስያዝ አይፈቀድም፤ ያስያዝከውም ገንዘብ በሠላሳ ቀን ውስጥ መንግሥት በሚያውቀው መጠበቂያ ይገባል። ይህን ለነባሩ ነገርኩት። “እሱን ተወው፣ ሁለት ወር ነው የሚይዙህ፣ መልሰውም አይሰጡህ” አለ። በ2003 እንደዚያ ሆኖበታል። ሕጉን በስልኬ ላይ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ “እሱ ለፈረንጅ ነው” አለኝ።

ሐኪም ዘንድም እንዲሁ። የሰፈር ክሊኒክ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ የጤና አገልግሎቱ መመሪያ ነው። ነባሩ ግን ፓስፖርት፣ የጋዝ ቢል፣ የልደት ካርድ፣ ቢቻል የክርስትና አባት ይዘህ ሂድ ይላል።

የካውንስል ታክስ የመጣ ቀን ግን ነባሩን ይቅር አልኩት፤ መንግሥቱም እንደሱ ነውና። በእንግሊዝ የቤት ግብር የሚተመነው ቤቱ በሚያዝያ 1, 1991 ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ነው። ያን ቀን ደርግ ለመውደቅ ሁለት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ተለወጠ፣ ሕገ መንግሥት ወጣ፣ ኤርትራ ተለየች፣ ሞባይል ገባ፤ የዊልስደን ቤት ግን እዚያው ቀን ላይ ቆሞ ግብር ይከፍላል። ኪራዩስ? ኪራዩ የዘንድሮ ነው።

ከሥር የሚኖሩት አሮጊት እንግሊዛዊት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። እዚህ ሰፈር ተወላጅ ሳገኝ እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው። የቆሻሻ ገንዳውን ሥርዓት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግራጫው፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነው፣ የምግብ ትርፍራፊ የሚገባበት ትንሹ። ገንዳ የተሳሳተ ሰው ላይ ያላቸውን አመለካከት እዚህ አልጽፈውም። አንድ ቀን ለንደን እንዴት ይዞሃል አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። “ግን ይኼ እኮ ለንደን አይደለም” አሉኝ። “ሚድልሴክስ ነው።”

ካርታ ላይ ፈለግሁት፤ የለም። ሚድልሴክስ በ1965 እንደ አስተዳደር ፈርሷል። እስከዚያ ዊልስደን የራሱ ምክር ቤት ያለው፣ በሚድልሴክስ ካውንቲ ሥር የሚተዳደር ከተማ ነበር። በዚያ ዓመት ከዌምብሊ ጋር ተዳብሎ ብሬንት የሚባል የለንደን ክፍለ ከተማ ሆነ፤ ካውንቲውም ተከፋፍሎ አለቀ። ግን የክሪኬት ቡድኑ ዛሬም ሚድልሴክስ ተብሎ ይጫወታል፤ ዌምብሊና ሃሮው ያሉ ሰዎችም ፖስታ ላይ አድራሻቸውን ሲጽፉ ሚድልሴክስን አይዘሉትም። ፖስተኛው ያደርሳል።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግር ይሆናል። ለኛ ግን ምን ይቸግራል? በጌምድር በየትኛው ካርታ ላይ ነው ያለችው? ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሆነ፤ ሰውየውን አገርህ የት ነው ስትለው ግን “በጌምድር” ይልሃል፣ ደረቱንም ነፋ ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥም ከፍተኛና ቀበሌ ከፈረሰ ቆይቷል፤ እናቴ ዛሬም ቤታችንን ለእንግዳ ስታመለክት የምትጠራው ከፍተኛውን ነው። ለአሮጊቷ “ገብቶኛል፣ እኛም አለን” አልኳቸው። ምን እንዳለን አልጠየቁም፤ ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ገንዳዬን እሳቸው ወደ ውስጥ ይመልሱልኛል። ዮርክሻየርን ለቅቄ ወደ ሌለ ካውንቲ የገባሁ ሰው ነኝ።

የሰፈሩን ዕድሜ ከሁሉ አርቀው የያዙት ግን እትዬ ናቸው። እትዬ ከነባሩ በፊት የመጡ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ቅዳሜ ቡና የሚፈላው እሳቸው ጋ ነው። ኒዝደን ሌን ላይ ያለውን ጥንታዊ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ያገኙት በራሳቸው እግር ነው። “የማን ናት ብዬ ብጠይቅ ማርያም ናት አሉኝ። ገብቼ ባይ ደግሞ ጥቁር!” ይላሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። እውነት ነው፤ የዊልስደኗ ማርያም ጥቁር ናት። በመካከለኛው ዘመን ምእመናን ከሩቅ እየመጡ የሚሳለሟት ሐውልት ነበረች፤ ዙሪያውም የጠበል ስፍራ ነበር። በ1538፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ ቼልሲ ተወስዳ ተቃጠለች። ዛሬ ያለችው ካታርኒ ስተርን የምትባል ቀራጺ ሠርታት በ1972 የገባች ናት። ይህን ለእትዬ ሳወራላቸው 1538 የሚለውን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩላቸው፤ የአጼ ልብነ ድንግል ዘመን ነው፣ በአገራችንም አብያተ ክርስቲያናት ሲነዱ የነበሩበት ጊዜ ነው። እትዬ ሲኒውን አስቀመጡ።

“እንዴ! እዚህም ግራኝ ነበራቸው?”

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በ21፣ በኛው አቆጣጠር፣ ነጠላቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። እንግሊዛዊው ቄስ ለምን በዚያ ቀን ብቻ እንደሚመጡ ገና አልደረሱበትም፤ ቀኑ በነሱ ካላንደር አንዴ ማብቂያው፣ አንዴ መጀመሪያው ላይ እየዋለ ግራ ያጋባቸዋል። በርቱልን ይሏቸዋል። እትዬም ይበረታሉ።

የነባሩን ነገር ሳልጨርስ እንዳልሄድ። በየዓመቱ ከካውንስሉ የመራጮች ምዝገባ ወረቀት ይመጣል። በኛው ሕንፃ ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ፣ ጃማይካዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ሕንዱ፣ ስማቸውን ይሞላሉ። የኮመንዌልዝ (አብዛኞቹ ቀድሞ በእንግሊዝ የተገዙ አገሮች ማኅበር) አባል አገር ዜጋ የሆነ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ካለው በብሪታንያ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ አየርላንዳዊውም ይችላል። ኢትዮጵያዊ ግን እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ዜግነት እስኪቀይር አይችልም። ነባሩ ደግሞ ፓስፖርቴን አልለውጥም ያለ ሰው ነው፤ የአገራችን ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፣ እሱም የሚሰጠው አንድ አንገት ብቻ ነው። ስለዚህ ከ2003 ጀምሮ ግብር ይከፍላል፣ ገንዳ ይለያል፣ አይመርጥም። ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ኩራትና ንዴት አንድ ላይ ይዘውታል።

“አየህ፣ ቢገዙን ኖሮ እንመርጥ ነበር!”

ሞዛምቢክ በ1995፣ ሩዋንዳ በ2009 እንግሊዝ ሳትገዛቸው ኮመንዌልዝ ገብተዋል ብዬ ላረጋጋው ሞከርኩ፤ አገር አመልክቶ መግባት ይችላል። “ማመልከቻ?” አለኝ። “ዐድዋ ላይ ማመልከቻ ነው የጻፍነው?” ዐድዋ ከጣልያን ጋር እንደነበር ሊነግሩት የሚችሉት እትዬ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ሐሳቡን ይደግፋሉ።

በዚህ መካከል የምርጫ ሰሞን መጣ። እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሰሌዳ የያዘ፣ ደረቱ ላይ የፓርቲ ምልክት የለጠፈ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ጃኬቱ በዝናብ የራሰ። “ድምፅዎን እንደሚሰጡን ተስፋ እናደርጋለን?” አለ። ነባሩ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የሚለውን እሰማ ነበር። ከምኒልክ ጀመረ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ መቅደላን ነካ፣ ዓለማየሁን አነሣ፣ ዊንዘርን ወቀሰ፣ በማይጨው በኩል ዞሮ ባዝ ገባ፣ ከባዝ በኮመንዌልዝ በኩል ወጥቶ እንደገና ዐድዋ ላይ ደረሰ። ልጁ እርሳሱን እንደያዘ በደንብ አዳመጠ፤ አንዴ “እህ” ማለቱን ሰምቻለሁ። ነባሩ ትንፋሽ ሲወስድ ልጁ ሰሌዳውን አየና በለስላሳ ድምፅ ጠየቀ፦

“ታዲያ ‘ገና አልወሰኑም’ ብዬ ልሙላው?”